ቡምባን ወይስ ጥይት? ከዋዲ ሃልፋ ሰልፍ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባው መምህር



ገዳሪፍ ገበያ የከረመ ነጋዴ ሰልፍ መምጣቱን የሚያውቀው ከጎረቤቱ በር ነው። ሱዳናዊው ጎረቤት በቀትር የቆርቆሮ መዝጊያውን ወደ ታች ሲስብ እኛም ጀበናችንን አንሥተን እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ ከበር ጀርባ ቆመን የምንጠያየቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ቡምባን ነው ወይስ ጥይት? ቡምባን ሱዳኖች አስለቃሽ ጭስን የሚጠሩበት ስም ነው።

ከመተማ ባቄላ ሊያመላልስ አዲስ የመጣ አንድ ልጅ በቅርቡ «ጋሼ፣ አስቀድማችሁ የምታውቁት በምንድን ነው?» አለኝ። «በልምድ ነው» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ልምድ የምንለው ነገር ታሪክ ነው፤ ከታሪኩም አንዱ ትልቅ ክፍል የተፈጸመው እዚሁ ቅርባችን፣ አትባራ ወንዝ ዳር፣ ኸሽም ኤል ቂርባ ነው። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። የሱዳኑን ዓመተ ምሕረት እዚህ እንደሚቆጠረው በፈረንጆቹ አስቀምጣለሁ፤ ወደ አገር ቤት ስሻገር በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ሰልፍ ያላስቀረው ሰፈራ

ኸሽም ኤል ቂርባ ማለት በዐረብኛ የውሃ ስልቻ አፍ ማለት ነው። ውሃውም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከጎንደር በኩል የሚወርደው ጓንግና ከላስታ የሚነሣው ተከዜ ተገናኝተው ነው እዚያ ያለውን ግድብ የሚሞሉት። ዛሬ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ግን ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ነው። ከእሱ መካከል ከግብፅ ድንበር ላይ ተነሥተው የመጡት የሃልፋ ሰዎች፣ ኑቢያኖቹ፣ ይገኛሉ።

እንዴት መጡ? በኅዳር 1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ የተከፋፈሉበትን ስምምነት ፈረሙ። የአስዋን ግድብ ሐይቅ ዋዲ ሃልፋን ከነመንደሮቿ ሊውጣት ሆነ። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ መነሣት ነበረበት። በዚያን ጊዜ ሱዳንን የሚገዛው በ1958 በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ መንግሥት ነው። ሕዝቡ የት መስፈር እንደሚፈልግ ተጠይቆ አስተያየቱን ሰጥቶ ነበር። በጥቅምት 1960 ግን ሚኒስትሮች ዋዲ ሃልፋ ድረስ መጥተው፣ የምትሄዱት ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ነው አሉ።

ሃልፋዎች እምቢ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በዓባይ ዳር ተምር ሲያለሙ የኖሩ ሰዎች ዝናብና ነጎድጓድ ወዳለበት፣ ማንንም ወደማያውቁበት ሩቅ አገር መሄድ አልፈለጉም። ሰልፍ ወጡ፤ ሚኒስትሮቹ ያረፉበትን ሆቴል ከበቡ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሰልፉ ወደ ካርቱም ደረሰ፤ እዚያም ፖሊስ በተነው፤ ሰዎችም ታሰሩ። ውሳኔው አልተለወጠም። በጥር 1964 የመጀመሪያው ባቡር የሃልፋን ሰዎች ጭኖ ወደ ምሥራቅ ተነሣ።

እንግዲህ ሃልፋ አልጀዲዳ ስንሄድ የምናየው ከተማ ሰልፍ ተደርጎበት፣ ጭስ ተተኩሶበት፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፦ ሕዝቡ ከመጠየቁ በፊት ውሳኔው ካለቀ፣ ፖሊስ የሚላከው ለማነጋገር ሳይሆን ለመበተን ነው።

መኮንኑን የመለሰው ዳኛ

ያው 1964 ሳያልቅ የአቡድ መንግሥት በሌላ ሰልፍ ወደቀ። ጥቅምት 21 ቀን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ደቡብ ሱዳን ጉዳይ ሊወያዩ በግቢያቸው ተሰበሰቡ። ፖሊስ ስብሰባውን ሊበትን ገባ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ አሕመድ አልቁረሺ የተባለው ተማሪ ተገደለ። በማግስቱ ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ጠበቃው፣ የባቡር ሠራተኛው ሥራ አቆመ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አቡድ የወታደራዊ ምክር ቤቱን በተነ።

ሱዳኖች ከዚያ ሳምንት የሚያነሡት አንድ ታሪክ አለ። ዳኞችና ጠበቆች ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ፖሊስ መንገድ ዘጋባቸው። ዳኛ አብዱልመጂድ ኢማም ወደ መኮንኑ ቀርበው፣ በዳኝነት ሥልጣናቸው ኃይሉን ይዞ እንዲመለስ አዘዙት። መኮንኑም ታዘዘ። ጥይት አልተተኮሰም።

ይህ የአንድ ደፋር ዳኛ ጀብዱ ብቻ አይደለም፤ በስተጀርባው ሕግ አለ። እንግሊዞች በ1899 ከሕንድ ሕግ ቀድተው ለሱዳን ባወጡት የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ሰልፍን ስለ መበተን የሚያዝዘው ጠመንጃ የያዘው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ዳኛም ሥልጣን ነበረው። ይህ ሐሳብ በ1991 በወጣው የሱዳን ሕግም ውስጥ ቀርቷል። ፖሊስ ሕገ ወጥ ነው የተባለ ስብሰባ እንዲበተን ማዘዝ ይችላል፤ እምቢ ካሉት አስፈላጊውን ኃይል ይጠቀማል፤ ለሞት የሚያደርስ መሣሪያ ለመተኮስ ግን ከዐቃቤ ሕግ ወይም ከዳኛ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የተባበሩት መንግሥታትም በ1990 ሃቫና ላይ ባጸደቀው መርሕ፣ ፖሊስ በሰው ላይ መተኮስ የሚችለው ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያደርስ አደጋ ፊቱ ላይ ሲደቀን ብቻ ነው፤ ያውም አስጠንቅቆ።

ወረቀቱ ይህን ይላል። ታዲያ ጥይቱ ከየት ይመጣል?

የትኛው ኃይል ነው የወጣው?

ለዚህ መልሱን የምናገኘው ዩኒፎርሙን በማየት ነው። ሱዳን ውስጥ ሰልፈኛ ፊት የሚቆመው ሁሉ አንድ ዓይነት ፖሊስ አይደለም። ሰማያዊ ለባሹ የከተማ ሹርጣ አለ፤ የሰፈሩን ልጆች በስም የሚያውቅ፣ ማታ ወደዚያው ሰፈር የሚገባ። አቡ ጤራ የሚባለው የማዕከላዊ ተጠባባቂ ፖሊስ አለ፤ ከፖሊስ ይልቅ ወደ ጦር የሚጠጋ፣ በከባድ መሣሪያ የሰለጠነ። ከዚያ ደግሞ አምን አለ፤ ሲቪል ለብሶ በፒካፕ የሚመጣው የጸጥታ አገልግሎት።

በጥር 2005 ፖርት ሱዳን ላይ የቤጃ ሕዝብ ከአገሩ ሀብትና ሥልጣን ድርሻችን ይሰጠን ብሎ ወጣ። ጥር 29 ቀን የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ 20 ሰዎች ገደሉ። ከካርቱም የመጣ ልዩ ኃይል እንደነበረበት በጊዜው ተዘግቧል። ከሩቅ የመጣ ኃይል የሰፈሩን ሰው አያውቅም፤ ነገም ከእሱ ጋር አይኖርም።

በመስከረም 2013 መንግሥት የነዳጅ ድጎማ ሲያነሣ ካርቱም ላይ ሕዝቡ ወጣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደመዘገበው ከ170 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውንና ደረታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ምት ሕዝብ ለመበተን የሚተኮስ ጥይት ምልክት አይደለም። መንግሥት ቁጥሩን አሳንሶ ተናገረ፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ግን እምብዛም አልታየም። በ2008 የወጣው የፖሊስ ሕግና በ2010 የወጣው የጸጥታ ሕግ ለባለ ዩኒፎርሙ ያለመከሰስ ከለላ ሰጥተውታል። ከለላው የሚነሣው በራሱ አለቃ ፈቃድ ነው።

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን

አሁን ብዙዎቻችን በዓይናችን ወዳየነው እንምጣ። በ2018 መጨረሻ የዳቦ ዋጋ ከአንድ የሱዳን ፓውንድ ወደ ሦስት ወጣ። ባንክ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ፤ ሰው የራሱን ብር ለማውጣት ተሰልፎ ይውል ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን አትባራ ከተማ ተነሣች፤ የገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ። በማግስቱ ገዳሪፍ ተነሣች። በዚያ አንድ ቀን ገዳሪፍ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰው ተገደለ። የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ሰዓት እላፊ ተጣለ።

ለእኛ ለነጋዴዎች ያ ወቅት የሰሊጥ ወቅት ነው። የእህል ገበያው፣ ሱቅ አልመሓሲል፣ ጨረታው የሚደምቅበት፣ ከመተማ የሚመጣው ቡናና ባቄላ የሚራገፍበት። ሰዓት እላፊ ሲጣል መኪና መንገድ ላይ ያድራል፤ የቀን ሠራተኛ ሥራ ያጣል፤ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይደበቃል፤ ሰልፍ ባለበት ሰሞን ከሻ፣ ማለትም አፈሳ፣ አብሮ ይመጣልና። ሰልፉ የሱዳኖች ቢሆንም ዳፋው ለእኛም ይተርፋል።

መምህሩ

ጥር 31 ቀን 2019። ኸሽም ኤል ቂርባም እንደ ሌላው ከተማ ሰልፍ እያደረገች ነበር። የጸጥታ ሰዎች አሕመድ አልኸይር የተባለውን የ36 ዓመት መምህር ያዙት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 2 ቀን፣ በእስር እንዳለ ሞተ።

በመጀመሪያ ከባለ ሥልጣናት የተሰማው ቃል የተመረዘ ምግብ በላ የሚል ነበር። ቤተሰቡ አስከሬኑን አይቷል፤ የድብደባውን ምልክት አይቷል፤ አላመነም። መምህራን በየከተማው ድምፃቸውን አሰሙ። አብረውት ታስረው የነበሩ ሰዎች ያዩትን ተናገሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በዐቃቤ ሕግ የሚመራ አጣሪ መምህሩ የሞተው በድብደባ መሆኑን ገለጸ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ጥይት የለም፤ ቡምባንም የለም። ፖሊስ ለሰልፍ የሚሰጠውን ምላሽ ስንናገር አደባባዩን ብቻ እናያለን። ትልቁ ኃይል ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሰልፉ ከተበተነ በኋላ፣ ካሜራ በሌለበት ክፍል፣ ብቻውን በተያዘ ሰው ላይ ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን ኦማር አልበሽር ከሥልጣን ወረደ። የመምህሩ ጉዳይ ኦምዱርማን ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ወደ 40 የሚጠጉ የጸጥታ ሰዎች ተከሰሱ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ከ25 የሚበልጡት በሞት እንዲቀጡ ተፈረደ፤ ሌሎች እስራት ተፈረደባቸው፤ ነጻ የወጡም ነበሩ። በሞት ቅጣት የምታምኑም የማታምኑም አንባቢዎች አላችሁ፤ እሱን ለየራሳችሁ ልተወው። ለታሪክ የሚቀረው ይህ ነው፦ በሱዳን የጸጥታ አገልግሎት ታሪክ እስረኛን ስለ መግደል እንዲህ ያለ ብዛት ያላቸው ሰዎች በስማቸው ተጠርተው የተጠየቁበት ጉዳይ የተነሣው ከካርቱም አይደለም፤ ከአንዲት የግድብ ዳር ከተማ ነው።

ለምን ይሄኛው ተሳካ? በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን ካርቱም ላይ ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ ሲበተን ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የመጨረሻ ውጤቱ ለሕዝብ ሳይደርስ ቀረ። ልዩነቱ ቀላል ነው። በመምህሩ ጉዳይ ማን እንደያዘው፣ የት እንደወሰደው፣ በስንት ሰዓት ማን እንደነበረ የሚመሰክር ሰው ነበር። ሁለተኛም፣ ከለላ ሰጪው አለቃ ሥልጣን ላይ አልነበረም። በሰኔ 3ቱ ግን ይመረመሩ ከሚባሉት ወገኖች ገና ከላይ የተቀመጡ ነበሩ።

ነፋሱም ብዙ አልቆየም። ከጥቅምት 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ለጸጥታ አገልግሎቱ የማሰር ሥልጣንና ያለመከሰስ ከለላ በአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ተመለሰለት። በቀጣዮቹ ወራት በሰልፍ ላይ የሞቱት ከ100 አለፉ። አቡ ጤራን አሜሪካ በመጋቢት 2022 በማዕቀብ መዝገብ አስገባችው። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ የሰልፉ ዘመን በራሱ ተዘጋ።

በእኛ በኩል

ድንበሩን ስንሻገር ነገሩ ሌላ ይመስላል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። በኢትዮጵያ በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይላል። ማሳወቅ ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ ነው። በተግባር ግን ማሳወቂያው ፈቃድ ሆኖ ኖረ፤ «አልተፈቀደም» የተባለ ሰልፍ ሁሉ ለዱላ በር ይከፍታል።

በምርጫው ምክንያት በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ቆጠረ፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። ብዙዎቹ የኮሚሽኑ አባላት የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው አሉ። ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተገቢ ነበር የሚል ሆነ፤ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል የመጀመሪያውን ድምዳሜ ይፋ ያደረጉት ከአገር ወጥተው ነው።

ከዚያ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረን የ2008 ክረምት ነው። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ሰልፉ ፈቃድ አላገኘም ተብሎ ነበር። ፖሊስ አልተኮሰም፤ ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ጩኸቱን አሰምቶ፣ ወደ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ባሕር ዳር ላይ ተመሳሳይ ሕዝብ በተመሳሳይ ጥያቄ ወጣ። አምነስቲ በዚያ ቀን ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ዘገበ። በአንድ ክልል፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት፣ አንዱ ሰልፍ በሰላም ተፈጸመ፤ ሌላው በቀብር። በሳምንት ውስጥ ሕዝቡ ሌላ ሕዝብ አልሆነም። የተለወጠው ከላይ የመጣው ትእዛዝና ፊት ለፊት የቆመው ኃይል ነው።

ቡምባኑም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲተረማመስ የሞቱት፣ በመንግሥት ቁጥር እንኳ፣ ከ50 በላይ ናቸው። መውጫ በሌለበት ቦታ ጭስም ይገድላል።

በራሳችን መንገድ ላይ ደግሞ ጥር 2011 አለ። ገንዳ ውሃና ኮኪት ላይ ነዋሪዎች የግንባታ ተሽከርካሪዎች ይፈተሹልን ብለው መንገድ ሲዘጉ፣ ተሽከርካሪዎቹን የሚያጅቡ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ሞተ። ወደ መተማ የምናልፍበት አስፋልት ነው። ወታደር ለጦርነት የሰለጠነ ነው፤ መንገድ የዘጋ ገበሬን እንዴት እንደሚያነጋግር አላስተማሩትም። ጥፋቱ ወታደሩን ለዚያ ሥራ ከመላክ ይጀምራል።

ለዚያ ልጅ መልስ

እንግዲህ ለባቄላ ነጋዴው ልጅ አሁን መልስ አለኝ። ጭስ ይሁን ጥይት የሚወስነው ሰልፈኛው ድንጋይ መያዙና አለመያዙ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ የወጣው ማን ነው? የከተማው ሹርጣ ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ? ሁለተኛ፣ የሚያዝዘው ማን ነው? እዚያው የቆመ፣ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያናግረው የሚችል መኮንን ነው ወይስ በስልክ የሚያዝዝ የማይታይ አለቃ? ሦስተኛ፣ ነገ የሚጠይቀው አለ ወይ? ከለላ ያለው እጅ በፍጥነት ይነሣል፤ በስሙ እንደሚጠራ የሚያውቅ እጅ ያመነታል። ማመንታቷ ናት ሰው የምታተርፈው።

ለእኛ ለስደተኛ ነጋዴዎች ደግሞ ሌላ ሦስት ነገር ልጨምር። ጎረቤትህ ሲዘጋ ዝጋ፤ እቃ ይተካል። የመኖሪያ ወረቀትህን ቅጂ የምታምነው ሰው ዘንድ አስቀምጥ። ከመካከላችን አንድ ሰው ከተያዘ፣ የያዙት ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሱ፣ በምን መኪና እንደመጡ፣ ሰዓቱ ስንት እንደነበረ በዚያው ቀን ጻፉ፤ ለቤተሰቡም ንገሩ። የአሕመድ አልኸይርን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያደረሰው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ አይቶ ያልረሳ፣ ፈርቶም ዝም ያላለ ሰው።

በኸሽም ኤል ቂርባ ስታልፉ ግድቡን ታያላችሁ። ከእኛ ተራራ የወረደ ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩ የሰፈረውም ያለ ፈቃዱ የመጣ ሕዝብ ነው። ከዚያች ከተማ አንድ መምህር ሰልፍ አደረክ ተብሎ ተያዘ፤ ወደ ክፍሉም አልተመለሰም። ስሙን ግን ተማሪዎቹ ያውቁታል። እኛም እንወቀው።

በሰላም ያገናኘን።